ከቅርጫት የተረፈ ወረቀት፦ የጆን ጆንሰን ስብስብ እንዴት ተሠራ?

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለትም ከ1837 እስከ 1901 ባለው ጊዜ፣ ባለ ሱቆች ሻይ ወይም ሳሙና ሲሸጡ አብረው የሚሰጡት ካርድ ነበር። መጠኑ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። ፊቱ ላይ አበባ፣ ሕፃን ወይም መርከብ ተስሏል። ዙሪያውን በወርቃማ ቀለም የተንቆጠቆጠ ሐረግ ይከበዋል። ጀርባው ላይ የሱቁ አድራሻ፣ የዕቃው ዓይነትና ብዙ ሙገሳ ታትሟል። ደንበኛው ቤቱ ሲደርስ ወይ ለልጁ ይሰጠዋል፣ ወይ እሳት ያቀጣጥልበታል። ለታሪክ ይጠቅማል ብሎ ያተመው ሰው የለም።

እንዲህ ዓይነቱ ወረቀት ዛሬ ኦክስፎርድ ውስጥ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት፣ በሥርዓት ተደርድሮ ተቀምጧል። ከደረሰኙ፣ ከበራሪ ወረቀቱ፣ ከትኬቱና ከፖስተሩ ጋር ሲደመር 1.5 ሚሊዮን ያህል ነው። ስብስቡ ዛሬም የሚጠራው በመሥራቹ በጆን ደ ሞኒንስ ጆንሰን ስም ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የእሱን ጉዳይ የመረጥኩት ቆንጆ ካርድ ስላገኘ አይደለም። ቆንጆ ካርድ የሚሰበስብማ ሞልቷል። ጆንሰንን የሚለየው ወረቀቱን እንደ ማስረጃ ማየቱ ነው። ምን እንደሚገባ፣ በምን እንደሚመደብ፣ የትኛው ከየትኛው ጎን እንደሚቀመጥ የወሰነለት ይሄው አመለካከት ነው። ስብስቡን ዛሬም ሕያው ያደረገው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የግብፅ ቆሻሻ ክምር

ጆንሰን በ1882 እንግሊዝ ውስጥ፣ ሊንከንሻየር ተወለደ። ኦክስፎርድ ተማረ። ከዚያ ግብፅ ሄዶ ጥቂት ዓመት በመንግሥት ሥራ ከቆየ በኋላ ልቡ ወደ ፓፒረስ፣ ማለትም ከተክል ወደሚሠራው የጥንት መጻፊያ፣ ጥናት አዘነበለ። በ1913 እና 1914 አንቲኖኦፖሊስ በምትባለው ጥንታዊ ከተማ ቁፋሮ መራ። ትልቁ ግኝቱ የግሪካዊው ገጣሚ የቴኦክሪተስ ግጥሞች የተጻፉበት ፓፒረስ ነበር።

ግን ፓፒረስ የሚቆፍር ሰው በየቀኑ የሚያገኘው ግጥም አይደለም። የግብር ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የገበያ ዝርዝር፣ ልጅ ለአባቱ የላከው ደብዳቤ ነው የሚያገኘው። እነዚህ ሁሉ ከሺህ ዓመት በላይ የቆዩት ስለተጠበቁ አይደለም። ሰዎቹ ጣሏቸው፣ ቆሻሻው ተከመረ፣ ዝናብ የማያውቀው አሸዋ ደግሞ እንዳሉ አቆያቸው። ስለ ሮማ ዘመን ግብፅ የዕለት ኑሮ ከምናውቀው ብዙው የመጣው ከዚህ ጥራጊ ነው።

ጆንሰን በኋላ እንደተናገረው ሐሳቡ የመጣለት እዚያው ክምር ላይ ነው። የጥንቱን ሰው ጥራጊ እንዲህ በጥንቃቄ የምንለቅም ከሆነ፣ የራሳችንን ዘመን ጥራጊ ለምን እናቃጥላለን? እንግሊዝ እንደ ግብፅ ደረቅ አይደለችም። ወረቀቱን አፈሩ አያቆይላትም። ስለዚህ ሰው ነው ሊያቆየው የሚገባው።

አንደኛው የዓለም ጦርነት የግብፁን ሥራ አቋረጠው። በ1915 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ገባ። ከ1925 እስከ 1946 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው አታሚ፣ ማለትም የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ሆነ። ታላቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1928 ሲጠናቀቅ ማተሚያ ቤቱን ይመራ የነበረው እሱ ነው። ይሄ ሹመት ለስብስቡ ትልቅ ነገር ነበር። በአንድ በኩል ጥራጊ ማንበብ የለመደ ዓይን አለው። በሌላ በኩል ቀለሙን፣ የፊደሉን ዓይነትና የማተሚያውን ጫና በእጁ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ነገር ነው።

ቤተ መጻሕፍት ያልፈለገው

ቦድሊያን ከ1610 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ የሚታተም መጽሐፍ ቅጂ እንዲደርሰው ስምምነት ነበረው። በኋላም በሕግ ጸናለት። ይህ አሠራር መጽሐፍን ያድናል። የሻይ ቤት ካርድን ግን ከቁብ የሚቆጥረው አልነበረም። ለቤተ መጻሕፍቱ ወረቀቱ መጽሐፍ አይደለም፤ ለሙዚየሙ ደግሞ የጥበብ ሥራ አይደለም።

ጆንሰን ይህን ክፍተት የሥራው መመሪያ አደረገው። የሚሰበስበው ሰው ተጠቅሞ ቅርጫት ውስጥ የሚጥለውን፣ ታትሞ ግን መጽሐፍ ያልሆነውን ነው። በስጦታ ቢቀርብላቸው እንኳ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አንፈልግም የሚሉትን። መመሪያው ብልህ ነው። ስለ ውበት አንድም ቃል የለበትም። ቆንጆውም አስቀያሚውም እኩል ይገባል።

ወረቀቱ ከየአቅጣጫው መጣ። ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ይገዛል፣ ከወዳጅ ይቀበላል። ኮንስታንስ ሚድ የተባለች ሴት የቤተሰቧን ክምችት ሰጠችው፤ ስብስቡ መጀመሪያ ላይ በእሷ መታሰቢያ ይጠራ ነበር። ቦድሊያን ራሱም አያስፈልጉኝም ብሎ ከመደርደሪያው ያወጣቸውን ኅትመቶች ወደ ጆንሰን ይልክ ነበር። ዛሬ ስብስቡ የቦድሊያን ኩራት ነው። ያኔ ከዚያ ወጥተው የሄዱት ወረቀቶች በኋላ በክብር ተመልሰው ገብተዋል።

ከእሱ በፊትም ሰብሳቢ ነበር። ሳራ ሶፊያ ባንክስ የነጋዴ ካርድና የመጥሪያ ወረቀት ስትሰበስብ ኖራ በ1818 ሞተች፤ ክምችቷ ብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። የቤት ዕቃ ነጋዴው አምብሮስ ሂል ደግሞ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ነጋዴዎችን ካርድ ሲያሳድድ የጆንሰን ዘመነኛ ነበር። የእሱም ክምችት በ1959 ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሄዷል። ሁለቱም ታላላቅ ሰብሳቢዎች ናቸው። ስፋቱ ላይ ግን ጆንሰንን የሚያህለው የለም።

አመዳደቡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ እምብርት ይሄ ነው።

አንድ ሚሊዮን ወረቀት ያለው ሰው በምን ይደረድራል? ቀላሉ መንገድ በዘመን ነው። ሌላው በአታሚ ስም ነው። የጥበብ ሰብሳቢ ደግሞ በሠዓሊ ወይም በኅትመት ዓይነት ይለያል። ጆንሰን በዋናነት በርዕሰ ጉዳይ መደበ፤ ርዕሶቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ። የሥራ ማስታወቂያው፣ የሎተሪው ወረቀት፣ የሰርከሱ ፖስተር፣ የመድኃኒቱ መለያ፣ የቫለንታይን ካርዱ፣ የባቡሩ ጉዳይ፣ እያንዳንዱ ሳጥን ሳጥን አለው። የነጋዴ ካርዶቹ ደግሞ በየሙያቸው ይገኛሉ፤ ባርኔጣ ሠሪው ከባርኔጣ ሠሪ፣ ጭስ ማውጫ ጠራጊው ከጭስ ማውጫ ጠራጊ ጋር።

ትርፉ ሳጥኑ ሲከፈት ይታያል። አንድ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ካርድ ብቻውን ሲታይ ደስ የሚል ሥዕል ነው። በርከት ብለው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ማን ከማን ሥዕል ቀዳ? ሙያው መቼ ነው ከባል ወደ ሚስት፣ ከዚያም ወደ ልጅ የተላለፈ? በባሏ የሞተባት ሴት ስም የቀጠለ ሱቅ በእነዚህ ካርዶች ላይ ደጋግሞ ይመጣል። በታሪክ መጽሐፍ ስሟ የማይነሳ ነጋዴ ሴት እዚህ ከነአድራሻዋ አለች።

ዘመኑን ማወቅም እንዲሁ ነው። ብዙ ካርድ ዓመተ ምሕረት የለውም፤ አድራሻው ግን ይናገራል። ለንደን ውስጥ ቤቶች ቁጥር ሳይሰጣቸው በፊት ሱቅ የሚታወቀው በር ላይ በተሰቀለው ምልክት ነበር። ሠዓሊው ዊሊያም ሆጋርዝ በልጅነቱ የሠለጠነበት የብር አንጥረኛ ኤሊስ ጋምብል ካርዱ ላይ ያሳተመው አድራሻ እንዲህ ያለ ነው፦ ሌስተር ፊልድስ አካባቢ፣ ክራንበርን ጎዳና፣ በወርቃማው መልአክ። ካርዱ ላይም መልአኩ ዘንባባ ይዞ ቆሟል። አዲስ አበባ ላይ «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት» ብሎ አቅጣጫ የሚሰጥ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከ1760ዎቹ ጀምሮ የተንጠለጠሉት ምልክቶች በሕግ ወረዱ፣ ቁጥር መጣ። ስለዚህ ካርዱ ላይ መልአክ ብቻ ካለ አንድ ዘመን ነው፤ ቁጥር ካለ ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሁለቱም ካሉ መሸጋገሪያው ላይ ነን።

ጀርባውን ደግሞ ገልብጡት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴው ካርዱን ራሱን ደረሰኝ ያደርገው ነበር። ባዶው ጀርባ ላይ በብዕር «ሁለት የብር ማንኪያ፣ ይህን ያህል ሽልንግ» ብሎ ይጽፋል፣ ቀን ያስገባል፣ ይፈርማል። ለውበት ብቻ የሚሰበስብ ሰው ካርዱን ካርቶን ላይ ለጥፎ ይህን ጽሑፍ ይቀብረዋል። የታሪክ ባለሙያ ግን አንዳንዴ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ነው የሚፈልገው። ዋጋው፣ ቀኑና የገዢው ስም ያለው እዚያ ነው።

ከመዳብ ወደ ድንጋይ

የጆንሰን ክምችት ሁለቱንም የካርድ ዘመን ይዟል። የመጀመሪያው የመዳብ ሰሌዳ ዘመን ነው። ቀራጩ መዳቡን በስለት ይፈለፍላል፣ ቀለም ይሞላዋል፣ እርጥብ ወረቀት ይጫንበታል። ውጤቱ ጥቁርና ነጭ ነው፤ መስመሩ ግን እንደ ፀጉር ይቀጥናል። ሆጋርዝ በ1720 የራሱን ሱቅ ሲከፍት የሠራው ካርድ ከዚህ ወገን ነው።

ሁለተኛው የቀለም ዘመን ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አሎይስ ዜነፌልደር ጀርመን ውስጥ በድንጋይ ላይ ማተምን ፈለሰፈ። ዘይትና ውሃ አይዋሃዱም፤ አሠራሩ በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው። ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ላይ በዘይታማ ቀለም ይሳላል። ድንጋዩ ሲረጥብ ውሃው ባዶውን ቦታ ይይዛል፣ የማተሚያው ቀለም ደግሞ ሥዕሉ ላይ ብቻ ይቀመጣል። ምርጡ ድንጋይ የሚወጣው ባቫሪያ ውስጥ ከዞልንሆፈን ነበር። በ1837 ጎደፍሯ ኤንገልማን ፈረንሳይ ውስጥ በብዙ ቀለም የማተሚያ ዘዴውን በስሙ አስመዘገበ። ክሮሞሊቶግራፊ የሚባለው ይሄ ነው።

አንድ ባለ ቀለም ካርድ በማጉያ መነጽር ብታዩ ድካሙ ይገባችኋል። ከሩቅ ለስላሳ የሚመስለው የሕፃኑ ጉንጭ ቅርብ ሲሆን ነጠብጣብ ብቻ ነው። ሮዝ ነጠብጣብ፣ ከሥሩ ቢጫ፣ ጥላው ላይ ግራጫ። ነጥቦቹን አንድ በአንድ ያስቀመጠው የሰው እጅ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ድንጋይ አለ። ጥሩ ካርድ አሥርና ከዚያ በላይ ድንጋይ ሊፈጅ ይችላል። ሥዕሉም ጽሑፉም ድንጋዩ ላይ የሚሠራው ተገልብጦ፣ በመስታወት እንደሚታየው ነው። ወረቀቱ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲሄድ ለአንዲት ፀጉር ያህል ከሸፈፈ የልጅቷ ከንፈር ቀይ አገጯ ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለ ስህተት ያለበት ካርድ ገበያ ላይ ዋጋው ዝቅ ይላል። እኔ ግን በጣም ነው የምወደው፤ ሠራተኞቹ ምን ያህል ከባድ ነገር እየሠሩ እንደነበር የሚያሳየው እሱ ነው።

ሌላው ምክንያት ገንዘብ ነው። ብሪታንያ በ1853 በማስታወቂያ ላይ የነበረውን ቀረጥ፣ በ1861 ደግሞ የወረቀቱን ቀረጥ አነሳች። ወረቀት ረከሰ፣ ማስታወቂያ ጎዳናውን ሞላ። አሜሪካም ውስጥ ቦስተን ላይ ሉዊስ ፕራንግ ባለ ቀለም ካርድ ያትም ነበር። በ1876 ፊላደልፊያ ላይ የተካሄደው ትልቅ ኤግዚቢሽን ካርዱን በየቤቱ አስገባው። ማተሚያ ቤቶች ሥዕሉን ብቻ አትመው የስም ቦታውን ባዶ ይተውታል። የሰፈሩ ባለ ሱቅ በጅምላ ገዝቶ ስሙን ያስጨምርበታል። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ድመት በአንድ ከተማ ጫማ፣ በሌላው መድኃኒት ስትሸጥ የምትታየው። ርካሽ መጽሔቶች በ1890ዎቹ ማስታወቂያውን ጠቅልለው ሲወስዱ የካርዱ ገበያ ወረደ። አውሮፓ ላይ የሊቢግ የሥጋ ጭማቂ ኩባንያ ግን እስከ 1975 ድረስ ካርድ ሲያሳትም ቆየ።

የሳሙናው ሥዕል

ስለ እነዚህ ካርዶች ሲወራ ብዙ ጊዜ አበባውና መልአኩ ይነሳል። ሙሉው ክምችት ግን ሌላም ነገር ይዟል። የቪክቶሪያ ዘመን ሳሙና ሻጮች ከሚወዷቸው ሥዕሎች አንዱ ጥቁር ሕፃን ታጥቦ ነጭ ሲሆን የሚያሳየው ነው። የፒርስ ሳሙና በ1884 እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አውጥቷል። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። በኤሶፕ ተረት ውስጥ ባሪያውን አጥቦ ሊያነጣ የሚደክም ጌታ አለ፤ ባሪያው ኢትዮጵያዊ ነው ይባላል። በኤርምያስ 13፥23 ላይ ያለው የኢትዮጵያዊው መልክና የነብሩ ዝንጉርጉርነት ጥያቄም አውሮፓ ውስጥ ለማይሆን ነገር መግለጫ ሆኖ ኖሯል። «ኢትዮጵያዊን ማጠብ» ማለት ከንቱ ድካም ማለት ነበር። ሳሙና ሻጩ ይህን አባባል ገልብጦ «የእኔ ሳሙና ግን ይችላል» አለ።

እኛ አማርኛ አንባቢዎች ይህን ካርድ እንደ ሩቅ ሰው ልናየው አንችልም። ስማችን አለበት። ሥዕሉ ያሳፍራል፣ ያናድዳልም። ሆኖም እንዲጠፋ አልፈልግም። ውበት ብቻ የሚሰበስብ ሰው ሊያስወግደው ይችላል፤ ያኔ ዘመኑ ጨዋ ብቻ ይመስላል። የጆንሰን መመሪያ ግን ማጣራትን አይፈቅድም። ካርዱ ከሌሎች የሳሙና ማስታወቂያዎች መሃል ይቀመጣል፤ ተመራማሪውም ንቀቱ ስንቱ ቤት እንደገባና ስንት ሳሙና ሻጭ እንደቀዳው ሊቆጥር ይችላል። ነገሩ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዳልነበረም ልጨምር። ከዓድዋ ድል በኋላ የዳግማዊ ምኒልክ ምስል በፈረንሳይ የቸኮሌት ካርዶች ላይ ከሌሎች የዓለም መሪዎች ጋር ወጥቷል። የአንድ ዘመን ካርድ ሁለቱንም አትሟል። አንዱን ከሌላው ነጥሎ መሰብሰብ ዘመኑን መዋሸት ይመስለኛል።

ከጆንሰን በኋላ

ጆንሰን ክምችቱን ያቆየው ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብሪታንያ አሮጌ ወረቀት ከየቤቱ ሰብስባ ለጦርነቱ ስትፈጭ፣ ስንት ካርድና ደረሰኝ አብሮ እንደሄደ መገመት አያቅትም። በዋናው ስብስብ ያሉት ወረቀቶች ዘመን 1939 ላይ ያበቃል። መነሻው ደግሞ 1508 ነው። ጆንሰን በ1956 ሞተ፤ ክምችቱ በ1968 ወደ ቦድሊያን ተዛወረ። ቤተ መጻሕፍቱ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ወረቀት ለብቻው እየጨመረ ነው። በ1975 ሞሪስ ሪካርድስ እንዲህ ዓይነት ወረቀት የሚያጠና ማኅበር ለንደን ላይ ሲያቋቁም፣ ለጆንሰን የግል ጉጉት የነበረው ነገር የራሱ ባለሙያዎች ያሉት ጥናት ሆነ።

አንድ ነገር ግን ለጆንሰን አሠራርም ከባድ ጥያቄ ነው። የቪክቶሪያ ዘመን ልጆች ካርዶቹን አልበም ላይ በሙጫ ይለጥፉ ነበር። የትኛው ከየትኛው ጎን እንደሚሆን የመረጠችው ያቺ ልጅ ናት። በርዕስ ስትመድብ አልበሙ ይፈታል፤ የልጅቷ ምርጫ ይጠፋል። ነጋዴዎችም ዛሬ አልበሙን ገንጥለው ካርዱን በነጠላ ይሸጣሉ፤ በነጠላ ይበልጥ ያወጣላቸዋል። በርዕስ መመደብ ለነጋዴው ታሪክ ጥሩ ነው፤ ለባለ አልበሟ ግን አይደለም። እኔ ብጠየቅ ያልተፈታ አልበም አትፍቱ ነው የምለው። ካርዱን በነጠላ ሌላ ቦታ ማግኘት ይቻላል። አልበሙ ግን አንድ ብቻ ነው። በእጁ ያለ ሰው ደግሞ ከመንካቱ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ሙሉውን ፎቶ ያንሳ፤ ሙጫው የለቀቀውን ካርድም ጀርባውን ያንብብ። በውሃ ለመንቀል መሞከር ቀለሙንም የብዕሩንም ጽሑፍ ያበላሻል።

በ2000ዎቹ መጨረሻ ከክምችቱ ውስጥ ከ65 ሺህ በላይ ዕቃ ስካን ተደርጎ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። የተመረጡት መስኮች መዝናኛ፣ የመጽሐፍ ንግድ፣ ተወዳጅ ሥዕሎች፣ ወንጀልና ቅጣት፣ እንዲሁም ማስታወቂያ ናቸው። ለፈላጊ ትልቅ በር ነው፤ በስም፣ በሙያ፣ በጎዳና መፈለግ ይቻላል። ከ1.5 ሚሊዮኑ ጋር ሲነጻጸር ግን ትንሽ እፍኝ ነው። ቀሪውን ማየት የሚፈልግ ኦክስፎርድ ሄዶ፣ ርዕሱን ጠርቶ፣ ሳጥኑን ማስመጣት አለበት።